ከመቅደላ ቱቦ እስከ ሐይቅ ጠርሙስ

የዚህ የዓመት መጽሐፍ አዘጋጆች «አንድ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ ሐኪም ስለሆንኩ ስለ ሕክምና እጽፋለሁ ብለው ሳይጠብቁ አይቀሩም። እኔ ግን የምጽፈው ስለ ሮኬት ነው፤ ሕክምናውም ውስጡ አለ።

ነገሩ የተጀመረው ዓምና በስልክ ነው። ሐይቅ ከተማ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። ዘጠነኛ ክፍል ናት።

«አክስቴ፣ የሳይንስ ክበባችን ለፕሮጀክት ሮኬት ሊሠራ ነው። ወላጅ ይፈርም ተባልን። እማዬ ደግሞ ‹አክስትሽ ሐኪም ናት፣ እሷ ይሁን ካለች እፈርማለሁ› አለችኝ።»

«አይሆንም» አልኳት። ለምን ብላ ሳትጨርስ ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ልጅቷ ምክንያት ጠይቃኝ ነበር፣ እኔም ምክንያቱን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

በ1988 ዓ.ም. እኔም እዚያው ሐይቅ ተማሪ ነበርኩ። «ራሱን በራሱ የሚያንቀሳቅስ ነገር ሠርታችሁ አምጡ» የሚል የፊዚክስ ሥራ ተሰጠን። በቡድናችን አራት ወንዶችና አንድ ሴት ነበርን። ሴቷ እኔ ነኝ። ወንዶቹ ሮኬት እንሥራ አሉ። የብረት ቱቦ ተገኘ፤ የሚነድ ነገር ጠፋ። ቱቦውን እንድነካ አልተፈቀደልኝም፤ ደብተርና የእጅ ሰዓት ይዤ ሰዓት እንድመዘግብ ተመደብኩ። እኔም ቁም ነገር መሥራቴን ለማሳየት ከእናቴ ሱቅ ክብሪት በደርዘን ሰርቄ አመጣሁላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ከሐይቁ ዳር ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባን። ደብተሬ ላይ «4፡20» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ የጻፍኩት ነገር የለም። ቱቦው ወደ ሰማይ አልሄደም፤ እዚያው ፈነዳ። ክብሪቱን የጫረው ጓደኛችን ቀኝ እጁ ተቃጠለ። የደረሱ ሰዎች ደግነታቸው ብዙ ነበር፤ አንዷ ቡና ነሰነሰችበት፣ ሌላዋ ሊጥ ለጠፈችበት። በጭነት መኪና ደሴ ተወሰደ። ነፍሱ ተረፈች፤ ሁለት ጣቶቹ ግን እንደታጠፉ ቀሩ። ክብሪቱን ማን እንዳመጣው እናቴም፣ አስተማሪውም፣ የልጁም ቤተሰብ ሳያውቁ ቀሩ። ወንዶቹ አልተናገሩም፤ እኔም ዝም አልኩ።

ለእህቴ ልጅ «አይሆንም» ካልኳት በኋላ በነበሩት ሳምንታት ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ የፈለግኩት ለክልከላዬ ማስረጃ ነበር። ያገኘሁት ግን ሌላ ሆነ።

ሮኬት ወደ ወሎ የመጣው በእኔና በጓደኞቼ አይደለም። ከእኛ 128 ዓመት ቀድሞ መጥቶ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት፣ ከአምባሰል በስተ ምዕራብ በመቅደላ ግርጌ በአሮጌ ሜዳ ላይ የጄኔራል ሮበርት ናፒየር ጦርና የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ገጠሙ። ከእንግሊዞቹ ጋር ከመርከብ ወርዶ ተራራ የወጣ የባሕር ኃይል ጓድ ነበረ። በበቅሎ ጭኖ ያመጣው መሣሪያ የሮኬት ማስወንጨፊያ ቱቦ ነው። ፊታውራሪ ገብርዬ ጦራቸውን ይዘው ከአምባው ሲወርዱ አስቀድሞ የተተኮሰባቸው ይኸው ሮኬት ነበር። የጨረሳቸው በአመዛኙ ከኋላ የሚጎርሰው ስናይደር ጠመንጃ ነው። ከኢትዮጵያውያን ወደ 700 የሚጠጋ ሰው አለቀ፤ ገብርዬም ወደቁ። ከእንግሊዝ ወገን በቁስል የሞቱት ሁለት ናቸው። በሦስተኛው ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ ሮኬቱና መድፉ በራሱ በመቅደላ ላይ ተተኮሰ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በገዛ እጃቸው አለፉ።

ስለ መቅደላ ስናወራ ሁላችንም የምናነሳው ሴባስቶፖልን ነው። ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን እጅ ባለሙያዎችና በኢትዮጵያውያን ጉልበት የተሠራው ያ ሞርታር ሰባት ቶን ያህል ይመዝን ነበር። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ መንገድ እየተጠረገለት፣ በብዙ መቶ ሰው እየተጎተተ፣ ወራት ፈጅቶ ደረሰ። ለምን ያን ያህል ከበደ? መድፍ ጥይቱን ወደ ፊት ሲገፋ ራሱ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ባሩዱም የሚፈነዳው በራሱ በመድፉ ሆድ ውስጥ ነው። ጥይቱ ትልቅ በሆነ ቁጥር ያንን ሁሉ የሚችል ወፍራም ብረት ያስፈልገዋል። ሮኬት ግን ባሩዱን ይዞ ይሄዳል። እየነደደ ጢሱን ወደ ኋላ ይተፋል፣ በዚያው ልክ ወደ ፊት ይገፋል። ማስወንጨፊያው መንገድ ማሳያ ብቻ ስለሆነ ቀጭን ቱቦ ይበቃዋል። ሰባት ቶኑ በሰው ጫንቃ፣ ቱቦው በበቅሎ ጀርባ፤ ሁለቱ በአንድ ተራራ ላይ የተገናኙበት ቀን ነው እንግዲህ የስቅለቱ ዕለት። ሰባት ቶኑ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።

እንግሊዞቹስ ከየት አመጡት? እነሱም የተማሩት ተተኩሶባቸው ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በደቡብ ሕንድ የማይሶር ገዢዎች ሃይደር አሊና ልጁ ቲፑ ሱልጣን በብረት ቱቦ የተሠራ ሮኬት በእንግሊዝ ጦር ላይ ያዘንቡ ነበር። ቲፑ እ.ኤ.አ. በ1799 ከተሸነፈ በኋላ ዊልያም ኮንግሪቭ የተባለ እንግሊዛዊ ያንን መነሻ አድርጎ የራሱን ሮኬት ሠራ። የእሱ ሮኬት ሚዛኑን የሚጠብቀው ረጅም ዘንግ ከጎኑ ታስሮለት ነበር። በ1840ዎቹ ዊልያም ሄል ዘንጉን አስቀርቶ፣ የሚወጣው ጢስ ሮኬቱን እንዲያሽከረክረው አደረገ። መቅደላ የደረሰው የሄል ሮኬት ነው። ሮኬት መጀመሪያ የተወለደባትን ቻይናን ብንጨምር ዕውቀቱ ግማሹን ዓለም ዞሮ ነው እኛ ጋ የደረሰው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን የመጣው እንደ ዕውቀት ሳይሆን እንደ እሳት ነበር። ማይሶር የተተኮሰበት ሰው ወደ አገሩ ተመልሶ «ይህ ነገር እንዴት ይሠራል?» ብሎ ጠየቀ። መቅደላ ላይ የተተኮሰባቸው ሰዎች ይህን ለመጠየቅ ዕድሜም ጊዜም አላገኙም።

ከዚያ በኋላ ሮኬትን ወደ ሰማይ ጥያቄነት የመለሱት አስተማሪዎች ናቸው። ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ፂዮልኮቭስኪ በልጅነቱ በታመመው የስካርሌት ትኩሳት ጆሮው ደክሞ፣ ከመደበኛ ትምህርት ርቆ፣ መጽሐፍ እያነበበ ራሱን ያስተማረ ሰው ነው። ካሉጋ በምትባል ከተማ የትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኖ ኖረ። በሮኬት ወደ ጠፈር መሄድ እንደሚቻል በሒሳብ ያሳየበትን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1903 አሳተመ። አሜሪካዊው የፊዚክስ መምህር ሮበርት ጎዳርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 1926 በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ የመጀመሪያውን ሮኬት ተኮሰ። በአየር ላይ የቆየው ሁለት ሰከንድ ተኩል ነው፤ የወጣው 12 ሜትር ተኩል፤ የወደቀው ጎመን እርሻ ላይ።

ወደ ተማሪዎቹ ስመጣ ግን ልቤ ደነገጠ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1957 ስፑትኒክ ስትመጥቅ የአሜሪካ ልጆች በየምድር ቤቱና በየጋራዡ ሮኬት መቀመም ጀመሩ። የብረት ቱቦ፣ በእጅ የተደባለቀ ነዳጅ፣ በቅርብ የሚጫር ክብሪት። የእኛው ታሪክ ነው እኮ! እጅ የቆረጠ፣ ዓይን ያጠፋ፣ ነፍስ የወሰደ አደጋ ተከተለ። ብዙ ሰው ያኔ ያለው እኔ ለእህቴ ልጅ ያልኳትን ነው፤ ይከልከል።

መፍትሔው የተጀመረው ከወታደርም ከፕሮፌሰርም አልነበረም፤ ከጫማ ሻጭ ነው። ኔብራስካ ውስጥ ኖርፎክ በምትባል ከተማ የጫማ መደብር የነበረው ኦርቪል ካርላይል ርችት መሥራት ያውቅ ነበር። ወንድሙ ሮበርት ደግሞ የሞዴል አውሮፕላን ወዳጅ ነው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1954 ከወረቀትና ከቀላል እንጨት የተሠራች፣ በጃንጥላ የምትወርድ ትንሽ ሮኬት ሠሩ። ሃሪ ስታይን የተባለ የሮኬት መሐንዲስ በ1957 ስለ ልጆቹ አደጋ በመጽሔት ሲጽፍ ካርላይል አንብቦ ደብዳቤና ናሙና ላከለት። ከዚያ የተወለደው ሕግ አጭር ነው። ልጅ ነዳጅ አይቀምምም፤ ሞተሩ በባለሙያ በፋብሪካ ይሠራል። አካሉ ወረቀት፣ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይሁን፤ ብረት አይሁን። የሚለኮሰው በኤሌክትሪክ ሽቦ ከርቀት ነው። ሳይቆጠርና ሁሉም ሳይርቅ አይተኮስም።

ይህን ሳነብ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ሐኪም ሆኜ ስንት ጊዜ ያስተማርኩት ነገር ነው! በሽታን የምንከላከለው ሰውን ከሕይወት በመከልከል አይደለም፤ ጉዳቱ የሚያልፍበትን መንገድ በመዝጋት ነው። ጫማ ሻጩ ያደረገው ይኸው ነው። ልጁን ከሰማዩ አልለየውም፤ ልጁን ከባሩዱ ለየው።

ሀብታም አገር ስለሆነ ነው እንዳይባል የሊባኖስን ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1960 ቤይሩት በሚገኘው ሃይጋዚያን በተባለ ትንሽ ኮሌጅ ወጣቱ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ማኑግ ማኑጊያን ተማሪዎቹን ሰብስቦ የሮኬት ማኅበር አቋቋመ። ሮኬቶቹን በአገሩ ዛፍ በአርዘ ሊባኖስ ስም ሰየሙ። በትንንሽ ሙከራ ተጀምሮ፣ ሠራዊቱም እየረዳቸው፣ በ1963 አራተኛው አርዝ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መውጣቱ ተነገረ፤ በፖስታ ቴምብርም ላይ ታተመ። ነገር ግን እዚያም ኬሚካል ሲቀምሙ የተጎዱ ተማሪዎች ነበሩ። እየቆየም የሠራዊቱ ፍላጎት ከመምህሩ ፍላጎት ተለየ፤ ሥራው በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ቆመ። ሁለት ነገር አስተማረኝ፦ የትንሽ አገር ልጆች ይችላሉ፤ ነገር ግን ነዳጁን ማን ይቀምማል፣ ሮኬቱስ ለምን ይውላል የሚሉት ጥያቄዎች መጀመሪያ ካልተመለሱ ዋጋ ያስከፍላሉ።

እኛስ ጋ? የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ እንጦጦ ላይ የኮከብ መመልከቻ ተሠራ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን መጠቀች። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ሳተላይት የወጣችው ግን ከቻይና ምድር፣ በቻይና ሮኬት ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ብዙ አገር እንዲሁ ነው የጀመረው። ግን ያን ቀንም ሮኬቱ ለእኛ ሌላ ሰው የሚተኩሰው ነገር እንደነበር ልብ ይሏል።

ለሐይቅ ልጆች ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ሲደርስ የከባድ መሣሪያ ድምፅ በጆሯቸው ሰምተዋል። የእህቴ ልጅ በር ሲላተም የምትደነግጥ ልጅ ነበረች። ያች ልጅ ናት እንግዲህ «ሮኬት ልሥራ» ብላ የደወለችልኝ። ይሄ ሲገባኝ አፈርኩ። ስልኬን አንስቼ ደወልኩ። «እሺ፣ በአንድ ነገር ብቻ፤ እሳት የለበትም» አልኳት።

እሳት የሌለበት ሮኬት አለ፤ የውኃ ሮኬት ይባላል። የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ውኃ ይጨመራል፣ አፉ በቡሽ ይደፈናል፣ በብስክሌት መንፊያ አየር ይሞላል። ሲለቀቅ የታመቀው አየር ውኃውን ወደ ታች ይገፋዋል፣ ጠርሙሱ ወደ ላይ ይሄዳል። ሕጉ መቅደላ ላይ ከሠራው ሕግ አንድ ነው፤ በባሩድ ጢስ ፋንታ የሐይቅ ውኃ ነው።

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ሐይቅ ሄድኩ። የክበቡ አስተማሪ ቀድሞ ለቀበሌውም ለፖሊስም ለወላጆችም አስታውቆ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ወደ ሰማይ የሚወጣ ነገር ሰው ሳይነገረው አይለቀቅም። ቦታው ሐይቁ ዳር ነው። ከዚያ ሆኖ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ይታያሉ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገዳሙን የትምህርት ቤት አድርገውት አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሳሰሉ ተማሪዎች ወጥተውበታል። ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሴት ወደ ገዳሙ ስለማትገባ ልጅ ሆኜ ታላቅ ወንድሜ ገብቶ እስኪወጣ ውጭ ቆሜ እጠብቅ ነበር። የገዳም ሥርዓት ነው፤ ቅሬታ የለኝም። የሮኬት ሥርዓት ግን እንደዚያ መሆን አልነበረበትም። በዚያን ቅዳሜ ከአሥራ ሁለቱ ተማሪዎች ሰባቱ ሴቶች ነበሩ፤ ሲባጎውን የሳበችውም የእህቴ ልጅ ናት።

መንፊያው የመጣው ዋናው መንገድ ዳር ካለ ጎሚስታ ነው። ባለቤቱ ሁለት ጣቶቹ የታጠፉት ያ ጓደኛችን ነው። ግፊቱን የሚያሳይ ጌጅ ስላለው አስተማሪው ለምኖት መጣ። እኔን ሲያይ ሳቀና «ዛሬም ሰዓት መዝጋቢ ነሽ?» አለኝ።

ልጆቹ በድንጋይ መስመር ሠሩ፤ ጠርሙሱ አየር ከተሞላ በኋላ መስመሩን የሚያልፍ የለም። የምንለቀው በአሥር ሜትር ሲባጎ ነው። ከመተኮሻው 50 ሜትር ርቃ የቆመች ልጅ በፕሮትራክተር፣ በክርና በጠጠር በተሠራ መለኪያ ጠርሙሱ ከፍ ያለበትን አንግል ታነባለች። መጀመሪያ ውኃ ሳይጨምሩ ሞከሩት፤ ዘለለና ወደቀ። ግማሽ ድረስ ሞሉት፤ ከብዶት እየተንገዳገደ ወጣ። ሲሶውን ሲሞሉት ግን ፉጨት አሰምቶ ሄደ። መለኪያዋ 30 ዲግሪ አነበበች፤ አስልተው 30 ሜትር ገደማ አሉ። የጎዳርድን እጥፍ በለጥን ብለው ጨፈሩ። የጎዳርድ ነዳጅ ሌላ መሆኑን አስተማሪው አስረዳ፤ ማን ሰምቶት!

በሰባተኛው ሙከራ አንዱ ጠርሙስ እዚያው ማስወንጨፊያው ላይ ፈነዳ። ደጋግመው ስለተጠቀሙበት ላልቶ ኖሯል። ድምፁ የ1988ቱን ይመስላል፤ ቦታውም ከዚያ አይርቅም። ጉልበቴ ከዳኝ። ከዚያ ግን ልጆቹን አየሁ። አሥራ ሁለቱም ከድንጋዩ መስመር ወዲህ ናቸው። እጆቻቸውን ቆጠርኩ፤ ሃያ አራት። የእህቴ ልጅ ደንግጣ ጆሮዋን ይዛ ነበር፤ ትንሽ ቆይታ ለቀቀችውና ደብተሯ ላይ ጻፈች፦ «ጠርሙስ ከአምስት ጊዜ በላይ አንጠቀም።»

ሲመሽ ጓደኛዬን ወደ ጎን ጠርቼ «ያኔ ክብሪቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ከእናቴ ሱቅ» አልኩት። አየኝና «ይህን ልትነግሪኝ ነው ሃያ ምናምን ዓመት የጠበቅሽ? ደሴ ሆስፒታል ተኝቼ እኮ እናትሽ ስኳርና ብርቱካን ይዘው ይመላለሱ ነበር፤ የጎደለውን ቆጥረው ደርሰውበታል» አለኝ። እናቴ ካረፉ ቆይተዋል። አንድም ቀን አልነገሩኝም።

ለዚህ መጽሐፍ አንባቢዎች የማቀርበው ልመና ትንሽ ነው። ከእኛ ብዙዎቻችን የመጣነው ከእንደ ሐይቅ ያሉ ከተሞች ነው። ወደየተማርንበት ትምህርት ቤት ስንሄድ አንድ መንፊያ ከነጌጁ፣ ጥቂት የዓይን መከላከያ መነጽርና የደኅንነት ሕግ የተጻፈበት አንድ ወረቀት ይዘን እንሂድ። ከወረቀቱ ጀርባ ደግሞ ይህን እንጻፍበት፦ የተቃጠለ እጅ ወዲያው በሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይያዝ፤ ቀለበትና አምባር ካለ ይውለቅ፤ ቡና፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባ፤ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

የፊዚክስ ክፍል ባልደረቦች ደግሞ አንድ ዕዳ አለባችሁ። የእህቴ ልጅ «ለምን ሲሶው በለጠ? ለምን ሩቡ ወይም ግማሹ አልሆነም?» ብላ ጠይቃኛለች። ውኃው ሲያንስ የሚገፋው ነገር ያንሳል፣ ሲበዛ ገፊው አየር ያንሳል አልኳት። «እሱማ ገባኝ፤ ልኩ ለምን ሲሶ ሆነ ነው የምልሽ» አለችኝ። እኔ ሐኪም ነኝ፤ ከዚህ በላይ አልዘለቅኩም። ለመልሱ በዚህ መገናኛ ላይ ስለምፈልጋችሁ እንዳትጠፉብኝ።